ከወረቀቱ ላይ ያነሣኋቸው ሁለቶች

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እህቴ ደግሞ ሃምሳ ስድስት። ልዩነታችንን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ ስምንት። ዓመቱ ሳይዞር እዚህ አቃቂ ካሉት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ፈትል ክፍል ተቀጠረች። ጠዋት ፀጉሬን ሠርታኝ ትወጣለች፤ ማታ የራሷ ፀጉር በጥጥ ብናኝ ነጥቶ ትመለሳለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ጥጡን አንድ በአንድ እለቅምላታለሁ። ጨዋታዬ እሱ ነበር። ጥጡ ፀጉሯ ላይ ብቻ እንዳልቀረ ያወቅነው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ሐኪሙ የደረቷን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «እናቴ፣ ሳንባዎ ደክሟል» አላት።

«እኔም ደክሞኛል፤ አብረን ነን እንግዲህ» አለችውና አሳቀችው።

ሥራውን አቆመች። በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጣትና ጠቅልላ እኔ ጋ ገላን ኮንዶሚኒየም ገባች። አራተኛ ፎቅ ነን። ዕጣው ሲደርሰኝ ቤት አገኘሁ ብዬ እልል አልኩ እንጂ ደረጃውን ማን አስቦት! እህቴ የመጀመሪያው መዞሪያ ላይ እያወራች ትደርሳለች። ሁለተኛው ላይ ዝም ትላለች። ሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ትደገፍና፣ ጎረቤት ሲያልፍ፣ ሰው የምትጠብቅ ይመስል ወደ ታች ታያለች። «ማን ቀረ?» ብለው ይጠይቋታል። «ይመጣሉ» ትላለች። የሚመጣው ትንፋሿ ነው።

ፋብሪካው ከቀረ በኋላ ከቤት የሚያስወጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የደብራችን የእናቶች መዝሙር። ሃያ ሁለት ሴቶች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ እንለማመዳለን፤ በክብረ በዓል ቀን ነጠላችንን አጣፍተን እንዘምራለን። እህቴ አውጪ ነበረች፤ ማለትም ስንኙን መጀመሪያ እሷ ታወጣዋለች፣ እኛ እንቀበላለን። ድምጿ ቆንጆ ነው የሚባል አይደለም። ግን ቀጥ ያለ ነው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከፊት ከፊት ሲሄድ እንደ መከተል ነው እሷን መቀበል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ያቺን ሁለት ሰዓት፣ የታመመች ሴት አልነበረችም።

እኔ በዚያ ማኅበር ውስጥ ድምፅ አልነበረኝም፤ ስልክ ግን ነበረኝ። ስለዚህ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ይቺን ጸሐፊነት እንዲህ በቀላሉ አትዩአት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቱን ያቆምኩት፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀው ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ነው። ድሮ መዝሙር በደብተር በሚጻፍበት ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር። የሚደገሙት ስንኞች ጎን በብዕር እንደ ጎበጠ ቀስት ያለ መስመር ይሰመርና «2» ይባላል፤ ማንም ያየው ይገባዋል፤ ከዚህ እስከዚህ ሁለት ጊዜ። አዝማቹ አንድ ጊዜ በሙሉ ይጻፋል፤ ከዚያ በየአንቀጹ መጨረሻ «አዝ» ብቻ ተብሎ ይታለፋል። ስልክ መጣና ያ ቀስት ቀረ። በጽሑፍ መልእክት ውስጥ ቀስት በምን ይሰመራል? እንደምንም ብትሠሩት እንኳ ሌላው ሰው ስልክ ላይ ሲደርስ ተበታትኖ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ላኪ የየራሱን ያመጣል። አንዱ /2/ ይላል፣ አንዱ ×2፣ አንዷ «ይመለስ» ብላ ትተዋለች፣ አንዱ ሦስት ነጥብ አድርጎ እናንተው ጨርሱት ይላል። ደግሞ ያ /2/ ስንኙ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስታዩት ስንኙን ብቻ ነው የሚያስደግመው ወይስ ከላይ ጀምሮ አንቀጹን በሙሉ? ማን ያውቃል? የላከውን ሰው ደውላችሁ ካልጠየቃችሁ በቀር ማንም።

አንዲት እናት፣ በስተርጅና ማንበብ የተማሩ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው የተጻፈውን በሙሉ ዘመሩ። ስንኙን ዘመሩና ዜማውን ሳይለቁ «ሁለ–ት» አሉ። ልምምዱ በሳቅ ፈረሰ። «ምን ያስቃችኋል? ተጽፏል እኮ!» አሉ፣ ጣታቸውን ቁጥሯ ላይ አድርገው።

ከዚያ ወዲያ ነው የራሴን ደንብ ያወጣሁት። የሚደገመው የሚጀምርበት ቦታ ላይ አንድ ጭረት፣ የሚያልቅበት ላይ በሁለት ጭረት መካከል ቁጥር። በመካከል ያለው ሁሉ ይደገማል፤ ከዚያ ውጪ ያለው አይነካም። አንቀጹ በሙሉ የሚደገም ከሆነ ሁለት ጭረት ከላይ፣ ሁለት ጭረት ከታች። አዝማቹን «አዝ» ብዬ ብቻዋን መስመር ላይ አቆማታለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት ልጅ መዝሙሮቹን በቴሌግራም ትልክልኛለች፤ እኔ በደንቤ አስተካክዬ፣ ለእናቶች ዓይን እንዲሆን ፊደሉን አግዝፌ አሳትማለሁ። አዝማሪም ይሁን ባለ ቅኔ እንዲህ ያለ ሥራ አይኮራበትም ይሆናል፤ እኔ ግን ኮርቼበት ነበር።

ይህንን የምሠራው የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ለእንጀራዬ መሀል ከተማ አንድ ሕንፃ ነው የማጸዳው። ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከገላን የታክሲ ሰልፍ ይዤ በአውራ ጣቴ ጭረት እየተከልኩ፣ ቁጥር እያስገባሁ እጠብቃለሁ። ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ አንድ ቀን አንገቱን አስግጎ፦

«ማልዶ ለማን ነው እንዲህ የሚጻፈው? ለባልሽ ነው?» አለኝ።

«ለሃያ ሁለት ሴት» አልኩት።

«ኧረ ጉድ! እኔ ለአንዷም መጻፍ አቅቶኛል» አለና ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ነበር ቀኔን የሚያስጀምረኝ፤ ማታ ስመለስ ደግሞ ወገቤ ተቆርጦ፣ ታክሲ ውስጥ አንገቴ የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ ወድቆ ነው።

የደብሩ ዓመታዊ በዓል ሁለት ወር ሲቀረው ለእኛ አዲስ የሆኑ ሦስት መዝሙሮች ተላኩልን። ሁለቱ አጫጭር ናቸው። ሦስተኛው ግን አራት አንቀጽ አለው። ሰባት ስንኞቹ ይደገማሉ፤ የአዝማቹ መጨረሻ ደግሞ አራት ጊዜ ይባላል፤ አዝማቹ በየአንቀጹ ይመጣል። ሳየው መጀመሪያ የታየኝ መዝሙሩ አልነበረም። ደረጃው ነው የታየኝ። አራት ፎቅ ሁለት ጊዜ መውጣት ሆነብኝ።

በዚያ ሰሞን እህቴ ብሶባት ነበር። ከልምምድ ስንመለስ የመጀመሪያው መዞሪያ ላይም ዝም ማለት ጀምራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሦስተኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና «አንቺ ግቢ፤ እኔ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ» አለችኝ። ከንፈሯ ቀለሙን ለቅቆ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያጸዳሁት የሰው ደረጃ በጉልበቴ ውስጥ፣ ያልወጣነው የራሳችን ደረጃ በላያችን፤ ትንፋሿ እስኪመለስ እዚያው ቆየን።

በማኅበሩም ወሬው ጀምሮ ነበር። ሰብሳቢያችን፣ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ገለል አድርጋ «እህትሽን ለምን አናሳርፋትም? አውጪነቱን ለሌላ ሰው ብንሰጠው» አለችኝ። በዓሉ ላይ በሕዝብ ፊት ትንፋሽ ቢያጥራት ከዚያ ወዲያ ማንም ከፊት አያቆማትም። ቦታዋን ካጣች ደግሞ አውቃታለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ መስኮት ታያለች፤ ከዚያ ቤት የሚያስወጣት ነገር አይኖርም። የፈራሁት ይህንን ነበር። የፈራሁት ይህንን ብቻ ነበር ብል ግን መዋሸት ነው። ደክሞኝም ነበር። ከደረጃ ወደ ደረጃ ደግፎ መውሰድ፣ ማታ ትንፋሿን ማዳመጥ፣ ጠዋት ተነሥቶ ሰልፍ መያዝ፤ አንድ ቦታ ላይ አንድ ነገር እንዲቀልልኝ ፈለግኩ።

ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ጫፍ ላይ ያለችውን ሁለት ነካኋት። ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር። ጠፋች። አንድ ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ እናንተዬ፣ አንዷ ከጠፋች በኋላ ሁለተኛዋ ከባድ አይደለችም። የታክሲ ተራዬ ሳይደርስ ሰባቱንም አነሣኋቸው። የአዝማቹን አራት ሁለት አደረግኩት። ጭረቶቹን አጸዳሁ። የቀረው ጽሑፍ ንጹሕ ሆኖ፣ አንድም የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም።

ቅዳሜ ወረቀቱን አደልኩ። እህቴ መዝሙሩን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም፤ ዜማውን የመዝሙር ክፍሏ ልጅ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ዘምራ በድምፅ ልካልኝ እሱን አሰማኋት። ልጅቱ እንዳጋጣሚ ለናሙና ብላ ሳትደግም ነበር የዘመረችው። አወጣች፣ ተቀበልን። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ ተርፏት ነበር። ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

«ይቺ መዝሙርስ ለእኔ የተሠራች ናት!» አለች።

ወረቀቴን እያጣጠፍኩ አንገቴን ደፋሁ።

ከኋላ ግን አንድ ድምፅ መጣ። ከኮዬ ፈጬ የሚመጡ አንድ ስድሳ ያለፋቸው እናት ነበሩ። ቤታቸው መሀል ከተማ ነበር፤ ሲፈርስ ኮዬ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ የእኛ ደብር ታቦት የድሮ ደብራቸው ታቦት ስለሆነ በሁለት ታክሲ እየተመላለሱ ከእኛ ጋር ይዘምራሉ። ሦስት የድሮ ጎረቤቶቻቸውንም ይዘው ነበር የመጡት። እኚህ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን አንድ መዝሙር አንዴ ከገባቸው አይወጣም።

«ልጄ፣ ይሄ ስንኝ ይመለስ ነበር እኮ» አሉኝ። «እኛ ደብር እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የሚባለው። አዝማቹማ እስኪያደክም ነው!»

«እማማ፣ ለእኛ እንዲህ ነው የተላከው» አልኩ።

«ማነው የላከው?»

«መዝሙር ክፍል ነው። ይኸው፣ ወረቀቱ ላይ የለም።» ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ለማያነቡ ሴት ወረቀት ዘረጋሁ።

እሳቸውም ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲህ ወረቀት ካለ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። አብረዋቸው የመጡት ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየልምምዱ ስንኙ ሊመለስበት ይገባ የነበረው ቦታ ላይ ስንደርስ አራቱም ለመመለስ አፋቸውን ይከፍቱና፣ ሌላው ሲያልፍ፣ ደንገጥ ብለው ይከተላሉ። እኔ እያንዳንዷን አይ ነበር። ይለምዱታል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ቆመ። ግቢው ሞልቶ አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሎ ነበር። ካህናቱ ወረቡን ጨረሱ፤ የሰንበት ተማሪዎቹ ዘመሩ፤ ከዚያ ለእናቶች ተራ ተሰጠ። እህቴ ከፊት፣ ከበሮ መቺያችን በቀኝ፣ እኛ በሦስት ረድፍ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፤ የሚነፋው መድኃኒት በኪሴ።

የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣች፤ ስለ ደጁ የሚለውን። ተቀበልን። ከዚያ የሆነውን አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ልምምድ ላይ ሃያ ሁለት ነበርን። እዚያ ግን የሕዝቡ እልልታ ነበር፣ ከበሮው ነበር፣ ታቦቱ ከፊታችን ነበር፤ እንዲህ ባለ ቀን ሰው የተማረውን ረስቶ የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው። የኮዬዋ እናትና ሦስቱ ጎረቤቶቻቸው ለአርባ ዓመት እንደዘመሩት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ስለ ደጁ ደገሙት። እኛ ወረቀት የያዝነው ወደ ፊት ሄድን፤ ስለ መብራቱ። ግማሹ ደጁን ሲል ግማሹ መብራቱን። ደግሞ አራቱ ሴቶች ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከሕዝቡም መዝሙሩን የሚያውቁት ብዙዎች ነበሩና ከእነሱ ጋር ደገሙት። የከበሮ መቺያችን እጅ አየር ላይ ቀረ። አጥሩ ላይ ካሉት ልጆች አንዱ በሳቅ ሲፈነዳ ሰማሁ።

እህቴ ከፊት ናት፤ ከኋላዋ መዝሙሩ ሁለት ተከፍሎ ይሰማታል። ዘወር ብላ አላየችንም። ትንሽ ዝም አለች፤ ምናልባት አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ። ከወረቀቱ ጋር መሄድ ትችል ነበር፤ እኛ እንበዛ ነበር፤ አራቱ ሴቶች እፍረታቸውን ውጠው ይከተሉን ነበር። ግን ጆሮዋ ትክክሉን ለየው መሰለኝ። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለ ደጁ የሚለውን እንደገና፣ ከመጀመሪያው፣ አወጣችው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተከተላት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ስንኝ ደገመችው። የት እንደሚመለስ አታውቅም፤ ግን ከኋላ የአራቱ ሴቶች ድምፅ ሲመለስ እየሰማች አብራ ትመለሳለች። ወረቀቴን እጄ ላይ ጨመደድኩት። ያነሣኋቸው ሁለቶች አንድ በአንድ ሲመለሱ እቆጥራለሁ፤ ሦስት፣ አራት። አዝማቹን አራት ጊዜ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ድምጿ እንደ ሻከረ ጨርቅ ሆነ። አራተኛው ላይ የመጨረሻውን አዝማች ስታወጣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋች። የኮዬዋ እናት ሳይጠየቁ ስንኙን ከእሷ ተቀብለው አወጡት፤ እኛም ጨረስን።

እልልታው ከፍ ብሎ ነበር። ሕዝቡ ብዙም ያስተዋለ አይመስለኝም፤ መጀመሪያ ላይ የተደናቀፈ መዝሙር ነው፣ ተነሥቶ ሄዷል። እህቴ በራሷ እግር እስከ አጥሩ ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። መድኃኒቱን ሰጠኋት፤ ጣቷ መጫን አልቻለም። እኔ ተጫንኩላት። አንዴ፣ ሁለቴ። ነጠላዋን አራገብኩላት። የኮዬዋ እናት ውኃ ይዘው መጡና አጠገቧ ቆሙ።

ትንፋሿ ትንሽ መለስ ሲል ያቺ የመዝሙር ክፍል ልጅ በሩጫ መጣች። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«እናቴ፣ ይቅርታ! እኔ ነኝ መሰለኝ፣ አበላሽቼ ሳልክላችሁ አልቀረሁም። ሁለት ሁለት ጊዜ የሚለው አልደረሳችሁም?» አለችና የላከችውን በስልኳ አወጣች።

እህቴ ማንበብ ትችላለች፤ ፋብሪካው ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ነው የተማረችው፤ ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች። ስልኩን ተቀበለች። ጣቷ በስንኙ ላይ ሄዶ ጫፉ ላይ ቆመ። ሁለት። ወደሚቀጥለው ወረደ። ሁለት። እስከ ታች ድረስ እንዲህ ወረደች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ልጅቱ አሁንም «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። ልታለቅስ ደርሳ ነበር።

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «አንቺ በትክክል ነው የላክሽው።»

እህቴ ስልኩን መለሰችላት። «ተባረኪ ልጄ» አለቻት። ለእኔ ምንም አላለችኝም። በባጃጅ እስከ ሕንፃችን ደጅ መጣን። የመጀመሪያው መዞሪያ ላይ ቆመች።

«ስንት ነው ያጠፋሽው?»

«ሰባት። አራቷን ደግሞ ሁለት አደረግኳት።»

«ሰባት» አለች፣ እንደ ሰው ስም። እስከ ሁለተኛው መዞሪያ ድረስ ወጣን። ግድግዳውን ተደገፈች።

«ለምን?»

«እትዬ፣ ትወድቂብኛለሽ ብዬ ነዋ። በሕዝብ ፊት ትንፋሽ ቢያጥርሽስ? ቦታሽን ይወስዱብሻል ብዬ።»

«ዛሬ በሕዝብ ፊት ምን ሆንኩ?»

መሬት የነካውን የነጠላዋን ጫፍ አነሣሁላት።

«ትንፋሼ አይደለም ያሳፈረኝ፤ ወረቀትሽ ነው። ደግሞ እኔ ልቅር። እኚያን ሴትዮ ምን ብለሽ ነው ዝም ያሰኘሻቸው? ወረቀት አሳይተሽ! እኔ ትክክል ነሽ ብዬ ከጎንሽ ቆምኩ።» ሳል ያዛት። ጀርባዋን ላሸው ስል እጄን ገፋችው፤ ሳሉ ሲያልፍ ግን ክንዴን ያዘች። «ፋብሪካ ውስጥም አለቆቹ ሳያማክሩኝ ነበር የሚያዛውሩኝ፤ ከማሽን ማሽን፣ ከክፍል ክፍል። ለእኔ ብለው። አንቺም ለእኔ ብለሽ።»

«ደክሞኝ ነው፣ እትዬ» አልኩ። አለቀስኩ እንዳልል እንባም አልመጣልኝም።

«አውቃለሁ» አለች። «ነይ፣ እንውጣ።» ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ማናችንም ወደ ታች አላየንም፤ ማንንም እንደማንጠብቅ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልምምድ ሳይጀመር ተነሥቼ ለሃያ አንዱም ሴቶች ያደረግኩትን ነገርኳቸው። ስናገር ወለሉን ነበር የማየው። ሰብሳቢያችን «ኧረ በስመ አብ!» አለች። ቁጥሯን የዘመሩት እናት «ታዲያ እኔ ሁለት ስል ሳቃችሁብኝ፤ እሷ ሁለቱን ስትበላ ማንም አላየ!» ብለው ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ ሌሎቹም ትንሽ ሳቁ፤ እኔም ትንሽ ተነፈስኩ። የኮዬዋ እናት ግን አልሳቁም።

«ታውቂያለሽ ልጄ፣ እኔ ማርጀቴ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ፣ ልጄን ‹ረሳሁ እንዴ? እየጠፋሁ ነው እንዴ?› እያልኩ ሳስጨንቃት ከረምኩ። እናቴን እንደዚያ ነው የጀመራት። መጀመሪያ መዝሙር ጠፋባት፣ ከዚያ የእኛ ስም።»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ስለ አንዲት ሴት ትንፋሽ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ብብቴን ይዘው አነሡኝ።

«ተይው፤ ተነሺ። አልረሳሁም ማለት ነው፤ እሱ ይበቃኛል» አሉ። «ከእንግዲህ ግን ሳታሳትሚው እኔ ፊት ታነቢዋለሽ። ቁጥሩንም ጭምር።»

«እሺ እማማ።»

እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። ደንቤ አልተለወጠም፤ አንድ ጭረት ሲጀምር፣ ሲያልቅ ቁጥሩ በሁለት ጭረት መካከል። ግን ዓርብ ዓርብ፣ ከሥራ ወጥቼ እግሬ እየተጎተተ ታክሲ ስጠብቅ፣ ለኮዬዋ እናት ደውዬ አነብላቸዋለሁ። «/2/ ነው እማማ» እላለሁ፤ «ልክ ነው፣ ቀጥይ» ይላሉ። አንዳንዴ «ይሄ ሦስት ነው፣ ጠይቂልኝ» ይሉኛል፤ ሲጣራም ሦስት ሆኖ ይገኛል።

እህቴን ሰብሳቢያችን በዚያ ቅዳሜ አላናገረቻትም፤ ማንም ቦታሽን ልቀቂ አላላትም። እሷ ግን ልምምዱ ሊጀመር ሲል ከፊት ተነሣች። ወደ ኮዬዋ እናት ሄደች፤ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ፊት አመጣቻቸውና ራሷ በቆመችበት ቦታ አቆመቻቸው። «እርስዎ ያውጡ» አለቻቸው። እሳቸው እንቢ አሉ፣ ወደ ኋላ ለመመለስ ሞከሩ፤ አልለቀቀቻቸውም። ከዚያ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እኔ አጠገብ ቆመች። ስንኙ መጀመሪያ ሲባል አፏን ዘግታ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ተነፈሰች። ሲደገም ገባች።